ተጠየቅ ያልተባለ ሊቅ

ጥንት አባቶቻችን ሲሟገቱ «ተጠየቅ» ይባባሉ ነበር። ከሳሽ ተከሳሹን፣ ተከሳሽም ከሳሹን፣ በዳኛ ፊት በዚህች በአንዲት ቃል ያስቆመዋል። ቃሏ ከወጣች በኋላ የተጠየቀው ሰው ባለርስትም ይሁን ባለሹመት፣ ጭሰኛም ይሁን ነጋዴ፣ መልስ ሳይሰጥ አይቀመጥም። ሥርዓቱ እንከን አልባ አልነበረም፤ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ሰው እውነት የያዘውን ሲረታበት ኖሯል። ሆኖም አንድ ትልቅ ማስተዋል በውስጡ ነበረ። ይኸውም ማንም ያልጠየቀው ቃል ገና ማስረጃ አልሆነም የሚል ነው።

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በወረርሽኝ ዘመን ወደ ችሎት ወይም ወደ ሕገ መንግሥት ሸንጎ ተጠርቶ ስለሚመሰክር ሊቅ ነው። ሕጎቻችን «ልዩ ዐዋቂ» ይሉታል። ስለዚህ ሰው ያለኝ ክርክር አጭር ነው፤ ተጠየቅ የማይባል ሊቅ ለፍርድ ጌጥ ቢሆን እንጂ ብርሃን አይሆንም። እኔም በ«ዶክተር» ማዕረግ የምጠራና በዩኒቨርሲቲ የምርምር ዘዴ የማስተምር ሰው ነኝና፣ ትችቴ በቅድሚያ የሚያርፈው በገዛ ጎራዬ ላይ መሆኑ ይታወቅልኝ።

የሊቁ መብትና ልጓሙ

ተራ ምስክር ያየውንና የሰማውን ይናገራል። «ማታ በሦስት ሰዓት ከበረቱ ሲወጣ አየሁት» ቢል፣ ዳኛው ጨረቃ ነበረች ወይ፣ የቆምህበት ቦታ ምን ያህል ይርቃል፣ ዐይንህስ ደኅና ነው ወይ ብሎ ሊመዝነው ይችላል። ልዩ ዐዋቂ ግን ተራው ምስክር የሌለው መብት አለው። በዐይኑ ያላየውን ነገር በዕውቀቱ አስልቶ አስተያየት እንዲሰጥ ይፈቀድለታል። ዳኛው የቫይረስ ዘር እንዴት እንደሚነበብ አልተማረም፤ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመትበት ፍጥነት እንዴት እንደሚሰላም አያውቅም። ስለዚህ ከምስክሮች ሁሉ አብልጦ የሚያምነው፣ ከምስክሮች ሁሉ ይልቅ ሊመዝነው የማይችለውን ሰው ይሆናል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህን አደጋ አስቀድመው የተረዱ አገሮች ለሊቁ ልጓም አበጅተውለታል። የእንግሊዝ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ፣ ባለሙያው ግዴታው ለፍርድ ቤቱ መሆኑን፣ ይህም ግዴታ ክፍያውን ለሚከፍለው ወገን ካለበት ግዴታ ሁሉ እንደሚበልጥ በግልጽ ደንግጓል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ዶበርት በተባለው ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ዳኛው ከባለሙያው ማዕረግ አልፎ ዘዴውን እንዲመረምር አዘዘ። ዘዴው ተፈትኗል ወይ? በሙያ ባልደረቦች ተገምግሟል ወይ? የስሕተቱ መጠን ይታወቃል ወይ? በሙያው ማኅበረሰብ ዘንድ ተቀባይነት አለው ወይ? ከእነዚህ ሁሉ በፊት የነበረው፣ ዛሬም ዋና ሆኖ የሚኖረው ልጓም ግን መስቀለኛ ጥያቄ ነው፤ የእኛው «ተጠየቅ» ማለት ነው።

ይህ ልጓም ሲላላ ምን እንደሚደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ከሌላ ወረርሽኝ የተነሣ አንድ የታወቀ ሙግት አለ።

የቤንጋዚው ችሎት

እ.ኤ.አ. በ1998 በሊቢያዋ የቤንጋዚ ከተማ፣ በአል ፋቲህ የሕፃናት ሆስፒታል የታከሙ ከ400 በላይ ሕፃናት በኤችአይቪ ተይዘው ተገኙ። የወላጆቹ ኀዘን የአገር ቁጣ ሆነ። ቁጣው ደግሞ የሚያርፍበት ሰው ፈለገ። በዓመቱ አምስት ቡልጋርያውያን ነርሶችና አንድ ፍልስጥኤማዊ ሐኪም ተያዙና ቫይረሱን ሆን ብለው በሕፃናቱ ደም ውስጥ ጨምረዋል ተብለው ተከሰሱ። ተከሳሾቹ አመኑ የተባለው ቃል በድብደባና በኤሌክትሪክ ንዝረት የወጣ መሆኑን ለችሎቱ ተናገሩ።

በዚህ ሙግት መካከል ሁለት የውጭ ሊቃውንት ገቡ፤ ቫይረሱን ካገኙት ሰዎች አንዱ የሆኑት ፈረንሳዊው ሉክ ሞንታኜና ጣልያናዊው ቪቶሪዮ ኮሊዚ። እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቡት ዘገባ፣ መዛመቱ ነርሶቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የጀመረ መሆኑንና ምንጩም የሆስፒታሉ የንጽሕና ጉድለት መሆኑን አስረዱ። ፍርድ ቤቱ ግን የሊቢያ ሐኪሞች ያዘጋጁትን፣ «ሆን ተብሎ የተፈጸመ ነው» የሚለውን ተቃራኒ ዘገባ መረጠ። በግንቦት 2004 ስድስቱም በጥይት ተደብድበው እንዲሞቱ ተፈረደባቸው።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2005 ፍርዱን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። ድጋሚው ችሎት ሊያበቃ ሲል፣ በታኅሣሥ 2006 መጀመሪያ፣ ቱሊዮ ዴ ኦሊቬራ የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጡ። ከሕፃናቱ የተወሰደውን የቫይረስ ዘር አንብበው፣ ለውጡን እንደ ሰዓት ቆጥረው ወደ ኋላ አሰሉት። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ቫይረሱ በሆስፒታሉ ውስጥ መዛመት የጀመረው ተከሳሾቹ በመጋቢት 1998 ከመምጣታቸው አስቀድሞ ነው። ጥናቱ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ችሎቱ ያንኑ የሞት ፍርድ ደገመው።

ስድስቱ ሰዎች ከሞት የተረፉት በሳይንስ አልነበረም። በሐምሌ 2007 በዲፕሎማሲ ድርድር ተለቀው ሶፍያ ገቡ። በቀጣዩ ወር የሙአመር ጋዳፊ ልጅ ሰይፍ አል ኢስላም እስረኞቹ መሠቃየታቸውን በአልጀዚራ ቴሌቪዥን አመነ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ነገር ግን እውነት እስኪጠራ ድረስ ሰዎቹ ስምንት ዓመት ታስረዋል። የሕፃናቱ ወላጆችም የሆስፒታሉን መርፌ መጠየቅ ሲገባቸው ነርሶቹን ሲጠሉ ኖረዋል። በሐሰት ምስክርነት የተጎዳው ተከሳሹ ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ የተበደለውም ወገን በደሉ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ቀርቷል።

ማዕረግ አይመሰክርም

ከዚህ ታሪክ አንባቢዬ «እንግዲያው ትልቁን የውጭ ሊቅ እንመን» የሚል ትምህርት እንዳይወስድ አደራ እላለሁ። ሞንታኜ በቤንጋዚ ጉዳይ ትክክል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008ም የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። እኒሁ ሰው በሚያዝያ 2020፣ ዓለም በኮሮና ሲታመስ፣ አዲሱ ቫይረስ የኤችአይቪ ቅንጣት ተጨምሮበት በላቦራቶሪ የተሠራ ነው ብለው በፈረንሳይ መገናኛ ብዙኃን ተናገሩ። የሙያው ባልደረቦቻቸው ሐሳቡን መርምረው ጣሉት፤ የተባለው ቅንጣት በብዙ ቫይረሶች ውስጥ የሚገኝ እጅግ አጭር ቁራጭ ነበርና።

ሰውዬው አንድ ናቸው፤ በሁለተኛው ጊዜ እንዲያውም ማዕረጋቸው ከፍ ብሏል። የተለየው ከቃላቸው በስተጀርባ የነበረው ሥራ ነው። በቤንጋዚ ሰነድና ናሙና ነበረ፤ ሌላ ሰው ያንኑ መረጃ ይዞ ሊደግመውና ሊያፈርሰው ይችል ነበር፤ የተደገመውም ጸና። በቴሌቪዥኑ ግን የነበረው ስም ብቻ ነው። በአንጻሩ ዴ ኦሊቬራ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 በደቡብ አፍሪካ ኦሚክሮን የተባለውን ዝርያ ካሳወቀው ቡድን ጋር ቆመው፣ መረጃውን ማንም እንዲመረምረው በይፋ አቀረቡ። ብዙ አገሮች በራቸውን በደቡባዊ አፍሪካ ላይ ሲዘጉ ሳይንሱን ግን ማስተባበል የቻለ አልተገኘም። ስለዚህ ሊቅን «ማን ነህ?» ብሎ መቀበል ስሕተት ነው፤ «እንዴት ዐወቅህ?» ሊባል ይገባዋል።

የ2012ቱ ሸንጎ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ተገኘ። መጋቢት 22 ቀን የምርጫ ቦርድ ለነሐሴ 23 የተቆረጠውን ጠቅላላ ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱ ዘመን አምስት ዓመት ነው ይላል፤ በወረርሽኝ ምክንያት ምርጫ ቢቀር ምን እንደሚሆን ግን አይናገርም። ሚያዝያ 27 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከቀረቡለት አማራጮች የሕገ መንግሥት ትርጉምን መረጠ። ጉዳዩም ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ተመራ።

ጉባኤው ያደረገው ነገር በአገራችን ታሪክ እንግዳና የሚመሰገን ነበር። የሕግ ምሁራንን ጠርቶ በአደባባይ ሰማ፤ የጤና ባለሙያዎችንና የምርጫ ቦርድን አስከተለ፤ ሕዝቡም በቴሌቪዥን ተከታተለ። በዝግ በር መወሰን ለለመደ አገር ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም። እኔም የተከታተልሁት በደስታ ነበር።

ሆኖም አንድ ወንበር ባዶ ነበረ። ጥያቄውን ያቀረበው ምክር ቤት ራሱ በትርጉሙ ዘመኑ የሚራዘምለት አካል ነው። ከ2007ቱ ምርጫ ጀምሮ በዚያ ምክር ቤት ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ውጭ የተመረጠ አንድም ሰው አልነበረም። መራዘሙን የተቃወሙ ፓርቲዎች በሸንጎው ተከራካሪ ሆነው የሚቆሙበት፣ የቀረበውን የሙያ አስተያየት በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈትኑበት ሥርዓት አልተበጀም። ባለሙያው ይናገራል፤ የጉባኤው አባላት ማብራሪያ ይጠይቃሉ፤ ቀጣዩ ይገባል። ተጠየቅ የሚል ባላጋራ በሌለበት ሁሉም ምስክር የዳኛው እንግዳ ይሆናል።

«ጉባኤው ፍርድ ቤት አይደለም» የሚለኝ ወዳጅ አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ውሳኔው ከማንኛውም ፍርድ ቤት ውሳኔ የበለጠ ሰው የሚነካ ከሆነ፣ የማስረጃ መመዘኛው ከአንድ የእርሻ ድንበር ክርክር ያነሰ ይሁን የሚል ክርክር አይገባኝም። «ወረርሽኝ አጣዳፊ ነው፤ ለክርክር ጊዜ የለም» የሚልም አለ። ምክር ቤቱ ጉዳዩን ከመራበት ከሚያዝያ 27 እስከ ውሳኔው ቀን ድረስ ከአንድ ወር በላይ ነበረ። አንድ ቀን ለመስቀለኛ ጥያቄ ቢሰጥ ወረርሽኙ አይቀየምም ነበር።

ጥያቄውን የመረጠ መልሱን መረጠ

ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔውን ሰጠ። ወረርሽኙ የሕዝብ ጤና ስጋት አለመሆኑ በጤና ተቋማት ተረጋግጦ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ በኋላ፣ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ምርጫው ይካሄዳል ተባለ። ልብ በሉ፤ የሥልጣን ዘመን መቁጠሪያው ከቀን መቁጠሪያ ወርዶ በባለሙያ ቃል ላይ ተሰቀለ። ከዚህ የከበደ የልዩ ዐዋቂ ምስክርነት በአገራችን መኖሩን አላውቅም።

ከዚያስ? መስከረም 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ያው ምክር ቤት ምርጫው ሊካሄድ ይችላል ብሎ ወሰነ። በሽታው ጠፍቶ ነው? የምርጫ ቦርድ «አልችልም» ባለ ጊዜ በምርመራ የታወቁት ሕሙማን ሠላሳ አይሞሉም ነበር፤ በዚያ መስከረም ግን ከ60 ሺሕ በልጠዋል። የጤና ሚኒስቴርም ስጋቱ አልፏል አላለም። ስለ በሽታው ያለው ዕውቀት ጨምሯል፣ የመመርመር ዐቅም አድጓል፣ ስለዚህ አስፈላጊው ጥንቃቄ ከተደረገ ምርጫ ማካሄድ ይቻላል አለ። ምርጫውም ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ።

ሐኪሞቹን አልነቅፍም፤ ሁለቱም ጊዜ የተጠየቁትን መልሰዋል። ነገር ግን ጥያቄው ተለውጧል። በሰኔ «ስጋቱ አልፏል ወይ?» የነበረው፣ በመስከረም «በጥንቃቄ ይቻላል ወይ?» ሆነ። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ገና በግንቦት ሊጠየቅ የሚገባው ነበር፤ የሚጠይቅ ባላጋራ ግን አልነበረም።

ቢኖር ኖሮ ምን ይጠይቅ ነበር? «ደቡብ ኮሪያ ከወር በፊት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2020፣ የምክር ቤት ምርጫ አካሂዳለች። መራጩ በር ላይ ሙቀቱ ተለክቶ፣ ጭንብልና ጓንት አድርጎ፣ ተራርቆ ቆሞ ድምፁን ሰጥቷል። ከምርጫው ጋር የተያያዘ መዛመት አልታየም ተብሏል። ይህን መርምረዋል ወይ? በእኛ አገር የሚቻለው የትኛው ነው? የማይቻለውስ? ምን ያህል ጊዜ ቢሰጥ ይቻላል?» ባለሙያው ምናልባት የሚያጠግብ መልስ ነበረው። ኮሪያ የመመርመሪያ ዐቅም አላት፤ እኛ የለንም። የእኛ መራጭ የሚመዘገበው ሰው ከሰው ተጠጋግቶ ነው፤ የቦርዱ ዝግጅት የሚቆመውም በድምፅ መስጫው ቀን ሳይሆን ከወራት በፊት ነው ሊል ይችል ነበር። እንዲህ ተብሎ ቢሆን መራዘሙ በጥያቄ የተፈተነ መራዘም ይሆን ነበር። የተቃወመውም ሰው ቢያንስ የተሸነፈበትን ምክንያት ይዞ ይሄድ ነበር።

ምርጫው መራዘሙ ስሕተት ነበር እያልሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ትክክል ነበር ብዬ የምምልበት መሠረት ስለተነፈገኝ ነው የምከራከረው። የትግራይ ክልል መስተዳድር ውሳኔውን አልቀበልም ብሎ ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ምርጫው እንዳልተደረገ ይቆጠራል አለ። በጥቅምት ጦርነቱ ፈነዳ። ያንን ሁሉ ደም በአንድ ሸንጎ አሠራር የማላክክ ሰው አይደለሁም፤ ጦርነቱ የቆየና የሰፋ ሥር ነበረው። ግን እንዲህ ያለ አገር ማንም ሊያምነው የሚችል ዳኝነት ይሻ ነበር። መታመን ደግሞ ከመጠየቅ ይወለዳል። ያልተጠየቀ ምስክር ወዳጁን ደስ ያሰኛል፤ ባላጋራውን ግን አያሳምንም።

ለባልደረቦቼ

በዩኒቨርሲቲያችን አንድ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ ምን እንደሚደርስበት ሁላችን እናውቃለን። የውጭ ፈታኝ ይጠራበታል። ናሙናህን እንዴት መረጥህ? ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ድምዳሜህ ከመረጃህ አልዘለለም ወይ? ተማሪው ላቡ በግንባሩ እየወረደ ይመልሳል። ይህን የምናደርገው ለአንድ ዲግሪ ነው። ታዲያ እኛው ፈታኞቹ፣ ስለ ሰው ሕይወትና ስለ አገር ሥልጣን ልንመሰክር ስንጠራ፣ ከተማሪያችን ያነሰ ፈተና ተቀብለን «ዶክተር እገሌ እንዳሉት» እየተባለልን የምንወጣው በምን አግባብ ነው?

ኢትዮጵያ የተጠቃለለ የማስረጃ ሕግ ሳይኖራት ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የኖረች አገር ናት። ሕግ አውጪው እስኪነቃ ግን ባለሙያው ራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። ተጠርቶ ሲሄድ የተጠየቀውን ጥያቄ ቃል በቃል፣ ማን እንደጠየቀውና ማን እንደከፈለው በጽሑፉ መግቢያ ያስፍር። የተጠየቀው ጥያቄ የተሳሳተ መስሎ ከታየውም ይናገር። መረጃውን ሌላ ባለሙያ ሊደግመው በሚችል መንገድ ያስቀምጥ፤ የማያውቀውንም ከሚያውቀው ለይቶ ይጻፍ። ጽሑፉ ለተቃራኒው ወገን አስቀድሞ እንዲደርስ ይጠይቅ። ሁኔታው ሲለወጥም ተመልሶ ይጠራ፤ በግንቦት የተናገረውን በመስከረም ፊት ለፊት ያስረዳ። ይህ ውርደት አይደለም፤ ቱሊዮ ዴ ኦሊቬራና ባልደረቦቻቸው በዓለም ፊት ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ወረርሽኝ ተመልሶ ይመጣል፤ ስሙ ምን እንደሚሆን ግን አናውቅም። ሲመጣም ሆስፒታል ይከሰሳል፣ የክትባት ጉዳት ክስ ይነሣል፣ ቤተ እምነት ለምን ተዘጋ ተብሎ ይሟገታል፣ ምናልባትም ምርጫ እንደገና ይራዘማል። በዚያ ቀን ሁላችንን በየማዕረጋችን ይጠሩናል። ባልደረቦቼ ሆይ፣ ወደ ሸንጎው ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ ቁሙና ዙሪያውን ተመልከቱ። ከወዲያ በኩል ተነሥቶ «ተጠየቅ» የሚላችሁ ሰው ወንበር ካላገኘ፣ ወንበር እስኪሰጠው ድረስ አትግቡ።

ቸር ይግጠመን።